የቀብር ጓንት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ከቦስተን ድረስ መጥቶ ስለ ወንድሜ ልጅነት ጠየቀኝ። የሕይወት ታሪኩን ሊጽፍ ነው። አሣሄል ታርቦክስ ከሞተ ገና ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ አገሬው ግን ከአሁኑ መንገዱን በስሙ መጥራት ጀምሯል። ፊላደልፊያ ተሰብስበው ከእንግሊዙ ንጉሥ ጋር ከተቆራረጡት ሰዎች መሀል ስለተቀመጠ፣ "ያየ ምስክር ሳይቆምበት ሰው አይቀጣ" ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ስላስለቀሰ፣ ልጅነቱም የአገር ንብረት ሆኗል። ወጣቱ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ጠበቀኝ። የእኔ ድምፅ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ የተሰበረ ነው፤ ከሹክሹክታ አያልፍም። ስለዚህ የሚያናግረኝ ሰው ሁሉ ወደ አፌ ይጠጋል፣ ሚስጥር የምነግረው ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የማወራው ስለ ላሜ ነው።

"አባታችሁ ምን ነበሩ፣ እመቤት?" አለኝ።

"ሰባኪ።"

"እናታችሁስ?"

"የሰባኪ ሚስት።"

ይህንኑ ጻፈ። የቀረውን እናንተ ስሙት።

ቤታችን ከባሕሩ አጠገብ፣ ጨዋማው ረግረግ ዳር ነበር። በእኛ አገር ለቀብር ሰው የሚጠራው በአፍ አይደለም፤ የሟች ቤተሰብ ጓንት ይልክልሃል፤ ጓንቱን ከተቀበልክ ትሄዳለህ። ሬሳ ለሚሸከሙት ደግሞ ነጭ የጠቦት ቆዳ ጓንት ይላካል። ልጅ ሲሞት የሚሸከሙት ልጆች ናቸው። የተላከልህን ጓንት መመለስ ሐዘንተኛን በጥፊ እንደ መምታት ነው፤ እኔ በዕድሜዬ የመለሰ ሰው አላየሁም።

አባቴ ሰባኪ ስለሆነ የማይላክለት ቀብር አልነበረም። ከደረጃው ሥር ያለው ሣጥን በጓንት ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም ይል ነበር። ከትልልቅ ሰዎች ቤት ከሆነ ደግሞ የራስ ቅል የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበት ይጨመርበታል፤ እሱን መደርደሪያው ላይ በአንድ የቆርቆሮ ኩባያ ያጠራቅመዋል። እኔ አገሩ ሁሉ አባቴን ወዶ ስጦታ የሚልክለት ይመስለኝ ነበር። በዚያ ክረምት ጓንቱ ሲበዛ ጊዜ ፍቅሩ የበዛ መሰለኝ።

የጉሮሮ በሽታው የገባበት ክረምት ነው። ለእኛ ለልጆች ማንም ምንም አላስረዳንም። እኔ ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በጸሎት ቤታችን የልጆች አግዳሚ ላይ ቦታ ሰፋ። ድሮ እንደ ዓሣ ተጠጋግተን ክርናችን ሲጋጭ እንውል ነበር፤ አሁን እግሬን እንደ ልቤ ዘርግቼ መቀመጥ ቻልኩ። ደስ አለኝ። አሁን ያንን ደስታዬን ሳስበው ብርድ ብርድ ይለኛል።

አንድ ምሽት የበቆሎ ገንፎውን እያማሰልኩ እናቴና አባቴ በሚቀጥለው ክፍል ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"የዊልኪንስን ልጅ ማን ተሸከመ?" አለች እናቴ።

"አቢታል፣ እባክሽ ተይኝ።"

"አንተ ካልነገርከኝ እኔ ልንገርህ። አራት ልጆች ተሸከሙት። አራቱም ዛሬ ከጎኑ ተኝተዋል። ሬሳውን ሳሙት፣ ተሸከሙት፣ ከዚያ ተከተሉት።"

"የጠራቸው እግዚአብሔር ነው።"

"በጓንት ነው የሚጠራው?"

የአባቴ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?" አለ በመጨረሻ። "እሁድ ለታ 'ጎረቤታችሁን በሐዘኑ ቀን አትተዉ' ብዬ ሰብኬ፣ የራሴን ልጆች አልጋ ሥር ልሸሽግ? የሰው ልጅ ለቀብር፣ የሰባኪ ልጅ ለጓዳ?"

"አዎ" አለች እናቴ።

"ከዚያ በኋላ ማን ይሰማኛል?"

"ማንም አይስማህ።"

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ እናቴ ስጦታ እንደማትወድ ነው። ለአባቴ ጓንት በመጣ ቁጥር ፊቷ የሚጠቁረው ቀንታ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ለእሷ የሚላክላት ጥቁር ጓንት ነዋ፣ ነጩ አይደርሳት። አዘንኩላት።

በዚያው ሰሞን ኢኖስ ጊድኒ ሞተ። ኢኖስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የነበሩት የአቶ ጊድኒ ልጅ ነው፤ ለወንድሜ ለአሣሄል ከጥርስ መንቀል ጀምሮ ጓደኛው። ሁለቱም አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ማታውን ለአሣሄል ነጭ ጓንት መጣለት። አባቴ ተቀበለ። አሣሄል ጓንቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ሳያለቅስ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ። ታናሻችን ቲርጻ፣ አራት ዓመቷ ነው፣ አንዱን ጓንት አንስታ ጉንጯን ታሽበት ጀመር፤ እናቴ መንጥቃ ከእጇ ወሰደችው።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ከመደርደሪያው ኩባያውን ስታወርድ አየኋት። አንድ ቀለበት መርጣ በሽርጧ ኪስ ከተተች፣ ወደ ሰገነቱ ወጣች፣ ባዶ እጇን ወረደች። እኔ ለራሷ ልትለካው የወሰደችው መሰለኝ። ለእሷ ጥሩው አይደርሳትም ብዬ የለ? ዝም አልኩ።

ቁርስ ላይ እናቴ "ከኩባያው አንድ ቀለበት ጎድሏል" አለች።

"ማን ይነካዋል?" አለ አባቴ።

"ልጆችህን ጠይቅ።"

ሁላችንም አልነካንም አልን። እናቴ ተነስታ ወደ ሰገነቱ ወጣች፤ የአሣሄልን ፍራሽ ተሸክማ ወረደች። ፍራሻችን የበቆሎ ልጣጭ ነው የሚሞላው። ስፌቱን ተርትራ ልጣጩን ወለሉ ላይ ስትዘረግፈው ቀለበቱ የምድጃው ድንጋይ ላይ ተንከባሎ አባቴ ጫማ አጠገብ ቆመ።

አሣሄል ከወረቀት በላይ ነጣ። "አልነካሁም" አለ።

"ከሙታን ትሰርቃለህ?" አለ አባቴ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዝቅ ሲል ነው የምንፈራው።

"አልነካሁም አባዬ። ማን አየኝ? ያየኝ ሰው ካለ ፊቴ ቆሞ ይናገር።"

ይህችን ቃል ነው አርባ ዓመት ሙሉ በየሸንጎው ሲያሳምራት የኖረው። ያን ጊዜ ግን የተናገራት ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ ነው።

ለአንድ አፍታ ቀለበቱን በእናቴ ኪስ ማየቴ ትዝ አለኝ። የልጅ ጭንቅላት ደግሞ ጉድ ነው፤ ወዲያው አንድ መልስ አገኘሁለት። አሣሄል ከእናቱ ኪስ ሰርቆ ነዋ! ከሙታንም ብቻ አይደል፣ ከገዛ እናቱ። ያን ጠዋት ከእኔ በላይ በሌብነቱ ያመነ ሰው በቤቱ አልነበረም።

"የሰረቀ እጅ ሬሳ አይሸከምም" አለች እናቴ ለአባቴ። "አንተው ራስህ ያወጣኸው ሥርዓት ነው። ይህ እጅ የኢኖስን ሣጥን ቢነካ ጊድኒ ምን ይልሃል?"

አባቴ አሣሄልን በቀበቶው ገረፈው፤ ሳይነግሩት የሚያውቀውን ሥራ እንደሚሠራ ሰው ነበር የሚገርፈው። ከዚያ እናቴ አሣሄልን ክንዱን ይዛ ሥጋ ወደምናጨስበት ጎጆ ወስዳ ቆለፈችበት። ብርድ ልብስ ሦስት አስገባችለት። "ማንም እንዳይጠጋው" አለችን፣ "ምግቡን እኔ አደርስለታለሁ፤ ያናገረው ልጅ አብሮት ይታሰራል።" ለሌባ ሦስት ብርድ ልብስ ምን ያደርግለታል ብዬ ተቆጣሁ። እኔና ቲርጻ በአንዱ ነበር የምንተኛው።

ከቀትር በኋላ አቶ ጊድኒ መጡ። ባርኔጣቸውን እንኳ አላወለቁም። አባቴ አንገቱን ደፍቶ የልጁን ነውር ነገራቸው።

"እህ" አሉ አቶ ጊድኒ። ነውሩ ጆሯቸው የገባ አልመሰለኝም። "ታዲያ ማን ይሸከምልኝ? ሦስት ነው ያገኘሁት። በአካባቢው ሌላ ወንድ ልጅ ጠፋ፤ ያለውም ተኝቷል።"

"ትልልቆቹ ይሸከሙት" አለች እናቴ ፈጠን ብላ።

"እናቱ ልጆች ይሸከሙት ብላለች። ከእንግዲህ ምን ልታደርግለት ትችላለች፣ እመቤት ታርቦክስ?"

ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ከምድጃው አጠገብ ነበርኩ።

"ይቺ ቁመቷ ከወንድሟ ብዙ አያንስም" አሉ።

አባቴ እናቴን አላያትም። "ኬጡራ ትሄዳለች" አለ።

እናቴ አፏን ከፈተች። እጇ ጠረጴዛውን ይዟል፤ አንድ ቃል ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፣ ቅርጹን ሁሉ አይቼዋለሁ። ወደ እኔ አየች። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ማጨሻው ጎጆ አየች። አፏን ዘጋች።

እኔ "ቀጥ ብለሽ ቁሚ" ልትለኝ ነበር ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

ዛሬ የስድሳ ዓመት ሴት ነኝ፤ ያችን አፍታ ከማንኛውም የሕይወቴ ቀን አብልጬ አውቃታለሁ። "ቀለበቱን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት" ብትል አሣሄል ጓንቱን ያጠልቃል፣ እኔ ምድጃዬ ጋ እቀራለሁ። ዝም ካለች እኔ እሄዳለሁ። ውሸቷ ለአንድ ልጅ ብቻ ነበር የሚበቃው። መርጣለች።

ያጠለቅኩት የአሣሄልን ጓንት ነው። ሰፊ ነበር፤ የጣቶቹ ጫፍ ባዶውን ይታጠፍ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። በጊድኒ ቤት የኢኖስ እናት አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ አቅርበው "ደህና ሁን በሉት" አሉን። ሁላችንም ሳምነው። ከንፈሩ የኮምጣጤና የሌላ ነገር ሽታ ነበረው። በበረዶው ላይ ስንሸከመው ከፊት ያለው ልጅ ይስል ነበር፤ በሳለ ቁጥር ሣጥኑ በእኔ በኩል ይደፋል፣ ክብደቱ ትከሻዬ ላይ ይወድቃል። ሰው ሁሉ ሴት ልጅ ወንድ ስትሸከም ቆሞ አየኝ። በአድናቆት የሚያዩኝ መሰለኝ።

ቤት ስመለስ እናቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ከደጅ ሳልገባ ልብሴን አወለቀችኝ፣ ጓንቱን በመቆስቆሻ አንስታ እሳት ውስጥ ጣለችው። አለቀስኩ። በገንዳ ውስጥ አቁማ በአመድ ሳሙናና በኮምጣጤ ቆዳዬ እስኪላጥ አሸችኝ፤ አፌን ሁሉ አጠበችኝ። እኔ በኩራቴ የቀጣችኝ መስሎኝ "ሁለተኛ አልኮራም" አልኳት። እናቴ ያን ጊዜ ሳሙናውን ጥላ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እርጥብ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ። በረደኝ፤ ግን አልነገርኳትም።

ለብቻዬ በአባቴ የመጻሕፍት ክፍል አስተኛችኝ። ጣለችኝ ብዬ አለቀስኩ። ቲርጻ ግን ከእኔ ሌላ መተኛት አታውቅም። ስነቃ ትንንሽ ቀዝቃዛ እግሮቿን እግሮቼ መሀል ወትፋ፣ አፏን አንገቴ ላይ አድርጋ ተኝታ አገኘኋት። ደስ አለኝ፤ አቀፍኳት።

ጉሮሮዬ ሲዘጋ አጎቴ ከኒውበሪ በበረዶ ጋሪ መጣ። የእናቴ ወንድም ነው፣ ጠበቃ ነበር፤ እሷ ናት ያስጠራችው። ከአልጋዬ በመስኮቱ ግቢው ይታየኛል። እናቴ የጎጆውን ቁልፍ ለአጎቴ ከሩቅ ወረወረችለት። አሣሄል ሲወጣ ዓይኑ በብርሃኑ ተጨፈነ። ወደ እሷ ሄደ። እናቴ የልብሱን ጥቅል በረዶው ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች። እንደገና ቀረበ፤ እንደገና አፈገፈገች፤ እጇን ዘርግታ "ቁም" አለችው።

"እማዬ፣ አልሰረቅኩም" አላት።

"ሂድ" አለችው። "አጎትህ ጋ ሂድና ሰው ሁን። እስካልጠራሁህ አትመለስ።"

ሳትነካው ሄደ። ወንድሜ ይህንን ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ለወዳጆቹ ሁሉ ተናግሯል፤ "እናቴ በሐሰት ከስሳ ስታባርረኝ እጄን እንኳ አልነካችም" እያለ። እውነቱን ነው፣ አልነካችውም። ከእኔ ጉሮሮ በሽታው የዘረጋውን ግራጫ ሽፋን በላባ ስትጠርግ የነበረች እጅ ናት።

ቲርጻ በአምስተኛው ቀን ሞተች። እኔ ተረፍኩ፤ ድምፄ ግን አልተረፈም። ከቤታችን ጓንት ለማንም ልጅ አልተላከም። አባቴ ትንሿን ሣጥን እንደ ማገዶ በክንዱ ሥር አቅፎ ብቻውን ተሸከማት። በሚቀጥለው እሁድ ምን እንደሰበከ አላስታውስም፤ ሰው ሲነግረኝ ግን መድረኩ ላይ ወጥቶ ጥቅሱን አንብቦ ወረደ ይሉኛል። ከዚያ ወዲያ በእኛ ደብር ሬሳ የሚሸከሙት ትልልቅ ሰዎች ሆኑ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ከልጅ ልጅ ቢለዩ፣ ዓመትም አይቆዩ ይባላል። እናቴ ግን ለይታ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆየች፣ ሁሉንም ከእኔ ጋር። ድምፅ የሌላት ሚስት የሚመኝ ወንድ ብዙ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ለእኔ አንድም አልመጣ። አብረን ላም አለብን፣ አብረን ሻማ አነደድን፣ እሷ የእኔን ሹክሹክታ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። አሣሄልን ጠራችው፤ መምጣት ግን አልፈለገም። ስሙ ሲገን በየቤቱ ሲወራለት ታዳምጣለች፤ "በልቶ ያድራል?" ብቻ ትለኛለች።

ልትሞት ስትል አጠገቧ ሆኜ ነገርኳት። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ቀለበቱን በሽርጥሽ ኪስ አይቼዋለሁ፣ እማዬ።"

አልደነገጠችም። "ታውቂያለሽ እያልኩ ነው የኖርኩት" አለች።

"ለአሣሄል ልንገረው?"

"አትንገሪው።"

"እስከ ዛሬ ይጠላሻል እኮ።"

"እኔን ይጥላ፣ ቀላል ነው" አለች። "ካወቀ አንቺን ማየት አይችልም። ቲርጻንም ተሸክሞ ይኖራል። በዚህ ሁሉ ንግግሩ መሀል አንድ ቀን ድምፁ ቢዘጋበትስ?"

ከዚያ እጄን ፈለገች። ለእኔስ የምትይኝ ነገር የለም ወይ ብዬ ጠበቅኩ። ልጅ ነኝና፣ አርባ ዓመት ሞልቶኝም ልጅ ነኝና ጠበቅኩ። እጄን ይዛ ተኛች፤ አልነቃችም።

አሣሄል ለቀብሯ መጣ። ያን ጊዜ ከእንግሊዝ የሚመጣ ነገር አንገዛም የተባለበት ዘመን ነው፤ የቀብር ጓንት ይቅር ብሎ በሸንጎ የተናገረውም እሱ ነበር። የእናታችን ቀብር በአውራጃው ያለ ጓንት የተደረገ የመጀመሪያው ቀብር ሆነ፤ ጋዜጦች ሳይቀሩ አመሰገኑት። ውርጭ ነበር። ጉድጓዱ አፍ ላይ ባዶ እጁን ያሻሸዋል፣ ጣቶቹ ቀልተዋል።

"ይቅር ብያታለሁ፣ ኬጡራ" አለኝ። በዚያ ደወል በሚመስል ድምፁ፣ ሰዎች ዞረው እስኪያዩን። "አንቺም ምስክሬ ሁኚ። ከልቤ ይቅር ብያታለሁ።"

ልነግረው ፈለግኩ። እንዴት እንደፈለግኩ! የእሷ ቃል ብቻ አይደለም የያዘኝ፤ ከነገርኩት የገዛ ጆሮዬም ይሰማዋል፤ ማን ተመርጦ ማን እንደቀረ ጮክ ተብሎ ይነገራል። ሁለቱን እጆቹን ይዤ በመዳፎቼ መሀል አሞቅኳቸው። "ብርድ ላይ ነህ" አልኩት።

ወጣቱ ጸሐፊ ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲል አንድ ነገር ቀረኝ አለ።

"ክቡር አሣሄል ስለ እናታቸው ሲናገሩ ምሬት ነበረባቸው ይባላል። ለመጽሐፉ ቢሆን... እውነት እናታቸው አይወዷቸውም ነበር?"

"ትወደው ነበር" አልኩት። "ከእኔ አብልጣ።"

ብዕሩን አስቀምጦ ወደ አፌ ተጠጋ። "ይቅርታ፣ እመቤት፣ አልሰማሁም።"

ደግሜ ነገርኩት።